የፈተና ቀን ለመቀየር፦ የማሽኑን ሰዓት መግፋት፣ ርካሹ መሣሪያ ወይስ አወርግላስ?

ሰሞኑን ሦስት ጓደኞቼ በየተራ ደውለው አንድ ዓይነት ነገር ጠየቁኝ። ሁሉም እንደ እኔ አሜሪካ ውስጥ ሜይንፍሬም (ባንክና የመሳሰሉት የሚጠቀሙበት ትልቅ ኮምፒውተር) ላይ ኮቦል በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠሩ ናቸው። «ፕሮግራማችን በሌላ ቀን ቢሮጥ ምን እንደሚያደርግ ማየት እንፈልጋለን፤ ምን እንግዛ?» ነው የሚሉት። በስልክ ከምደጋግመው ልጻፈው ብዬ ነው።

ከመጀመሪያው ልናገር፤ እኔ የማደላው ለእያንዳንዱ ጆብ (ማሽኑ ላይ ለሚሮጥ ሥራ) የራሱን ቀን ለሚሰጥ ደህና መሣሪያ ነው። የአይቢኤም አወርግላስ አንዱ ነው። ሌላው ከኮምፒውዌር የመጣው ኤክስፔዲተር ኤክስቼንጅ ነው፤ ኮምፒውዌርን ቢኤምሲ በ2020 ገዝቶታል። ሁለቱም ርካሽ አይደሉም። ግን «ነጻ» የሚባለው መንገድ ከሁለቱም በላይ ሲያስወጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ነጻው መንገድ የፈተናውን ኤልፓር፣ ማለትም ለፈተና የተለየውን የማሽኑን ክፍል፣ ሰዓት መግፋት ነው። ከኮንሶሉ አንድ የ«ሴት» (SET) ትእዛዝ ይበቃል፣ ለማንም ሳንቲም አይከፈልም። ችግሩ ሰዓቱ የሁሉም መሆኑ ነው። አንዱ የዓመት መጨረሻ ሲፈትን ሌላው እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። አንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ ሰዓቱን አንድ ዓመት ወደፊት ገፋንና ወደ ቤታችን ሄድን። ጠዋት ስንመለስ የሁላችንም ፓስወርድ ጊዜው አልፏል፣ የይለፍ ጠባቂው ራክኤፍ ደግሞ አንዳንዱን ዩዘር ለረጅም ጊዜ ሳትገባ ቆይተሃል ብሎ ዘግቶታል። ይህስ በአንድ ስልክ ይስተካከላል። ያቃጠለን ፋይሎችን የሚያስተዳድረው ኤችኤስኤም ነው፤ ሌሊቱን የተለመደ ጽዳቱን ሲያደርግ ማብቂያ ቀናቸው ያለፈ የመሰሉትን የፈተና ፋይሎቻችንን ሰርዟቸዋል። ሰዓቱን ወደ ቦታው መመለሱም ቀላል አልነበረም። ዲቢ2 (መረጃችን የሚቀመጥበት ዳታቤዝ) ውስጥ ገና ያልመጣ ቀን ተጽፏል፣ ስለዚህ ሁሉንም ከባካፕ መመለስ ግድ ሆነ። ስድስት ሰው አራት ቀን ሙሉ ሥራ ፈታ። የአንድ ሰው ቀን 500 ዶላር ብቻ ነው ብለን ብናስበው እንኳ 12,000 ዶላር ነው። ለአንድ ሌሊት።

መሥሪያ ቤታችሁ ዚ/ቪኤም (አንዱን ማሽን እንደ ብዙ ማሽን የሚያሠራ ሶፍትዌር) ካለ ግን ሌላ ነገር ነው። ከእነዚያ ማሽኖች ለአንዱ፣ ለአንዱ ጌስት ብቻ የራሱን ሰዓት መስጠት ይቻላል፤ ቢበላሽም የሚበላሸው እሱ ብቻ ነው። ያላችሁ ተጠቀሙበት። ለዚህ ብቻ ብላችሁ ግን አትግዙት።

አሁን ወደ ርካሹ መሣሪያ። ከፌብሩዋሪ 29፣ 2024 በፊት ኮንትራት የሠራሁበት ቤት ከታወቁት በግማሽ ዋጋ የተሸጠለትን አንድ መሣሪያ ገዝቶ ጠበቀኝ። እኛ በጳጉሜ ያደግን ሰዎች አንዲት ትርፍ ቀን ስንት ነገር እንደምታፋልስ እናውቃለን፣ ስለዚህ ሥራውን በጉጉት ነው የጀመርኩት። የወለድ ሪፖርቱን አሮጥኩት። ከላይ ራስጌው ላይ 02/29/2024 ይላል። ደስ አለኝ። ወደ ታች ስወርድ እያንዳንዱ የደንበኛ መስመር ላይ ያለው የዕለቱ እውነተኛ ቀን ነው! መሣሪያው የሚጠልፈው ኤስቪሲ 11ን፣ ማለትም ፕሮግራሙ ራሱ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ቀን ሲጠይቅ ብቻ ነበር። መስመሮቹ ግን ቀናቸውን ያገኙት ከኤስኪዩኤሉ (ዳታቤዙ ከሚጠየቅበት ቋንቋ) «ከረንት ዴት»፣ ማለትም «የዛሬ ቀን» ነው፤ ያንን ደግሞ የሚመልሰው ዲቢ2 በራሱ አድሬስ ስፔስ (ለብቻው በተለየ የማሽኑ ሜሞሪ) ሆኖ ነው፣ የኛን ጆብ አያውቀውም። ሻጩን ስንጠይቅ «የዲቢ2ው ለብቻው ይሸጣል» አለን። ተደምሮ ሲታይ የተረፈች ገንዘብ የለችም፣ ያለፈው ሦስት ሳምንትም አይመለስም።

የራሳችሁን የቀን ሰብሩቲን (ሌሎቹ የሚጠሩት ትንሽ ፕሮግራም) መጻፍስ? ይህን አከብረዋለሁ። ፕሮግራሞቹ ሁሉ ቀን የሚጠይቁት አንድ ቦታ ነው፣ የፈተና ቀን የተጻፈበት ካርድ (የግብዓት መስመር) ካለ የካርዱን፣ ከሌለ የእውነቱን ይመልሳል። ጥቂት የባች (በጥቅል የሚሮጥ) ፕሮግራም ላለውና ሶርሱ፣ የተጻፈው ኮድ፣ ሁሉ በእጁ ላለ ቤት ይበቃል። ሶርሱ ከጠፋ ወይም የተገዛ ፓኬጅ ካለ ግን አይሆንም።

ዋጋውን በተመለከተ፣ መጀመሪያ የሚነገራችሁን ቁጥር አትቀበሉ። እንዲህ ዓይነት ሶፍትዌር ብዙ ጊዜ የሚሰላው በማሽኑ አቅም፣ በኤምኤስዩ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ለፈተናው ኤልፓር ብቻ ሆኖ ሳለ የሙሉው ማሽን ሒሳብ ይመጣላችኋል። «የኤልፓሩን ብቻ አስሉልን» በሉ፣ በጽሑፍ። የአምስት ዓመቱን ጥገና ደምራችሁ እዩ፤ የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ማሽኑ ሲያድግ ክፍያው ስንት እንደሚሆን፣ ለመጠባበቂያ ሳይታችሁ ሌላ የፈቃድ ቁልፍ ይከፈልበት እንደሆነ አሁኑኑ ጠይቁ። ኤክስፔዲተር (የፕሮግራም ስህተት መፈለጊያው) ቀድሞ ካላችሁ ኤክስቼንጅን የምትጠይቁት ውሉ ሊታደስ ሲል ነው፤ ያኔ ሻጩ ይለሳለሳል።

ከመፈረማችሁ በፊት የሙከራ ቅጂ አስገቡና በራሳችሁ ፕሮግራም ሞክሩት፣ በሻጩ ማሳያ አይደለም። አንድ የሲአይሲኤስ (ለተጠቃሚ ወዲያው የሚመልሰው ሲስተም) ትራንዛክሽን፣ አንድ «ከረንት ዴት» ያለበት ኤስኪዩኤል፣ አንድ ደግሞ ኤስቲሲኬ የሚባለውን የማሽን ትእዛዝ የሚጠቀም የአሴምብለር ፕሮግራም ምረጡ። ኤስቲሲኬ ሰዓቱን በቀጥታ ከሃርድዌሩ ነው የሚያነበው፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን አይጠይቅም፤ ስለዚህ ሻጩ እንዴት እንደሚይዘው ቁጭ ብሎ ያሳያችሁ። ቀኑን ሴፕቴምበር 18፣ 2042 አድርጉት። ባለ 64 ቢቱ የማሽን ሰዓት ከ1900 መጀመሪያ ጀምሮ ሲቆጥር ቆይቶ የሚሞላው በዋዜማው፣ በእኛ መስከረም 7 ቀን 2035 ነው። በፈረንጆቹ 2013 የተፈረመ የ30 ዓመት የቤት ብድር ያችን ቀን አልፎ የሚሄድ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ብድር የያዘ መሥሪያ ቤት ነገ ጠዋት ሊሞክራት ይችላል።