ወንጪ ስትሄዱ ፈረሱን ከባለፈረሱ ተከራዩ

ከቨርጂኒያ የመጣሁት ለእህቴ ልጅ ሰርግ ነው። ድግሱ ሲያልቅ እግሬን ላፍታታ ብዬ የአንድ ቀን ጉዞ ወደ ወንጪ ያዝኩ። በፈረንጆቹ 2021 ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላ ስትመረጥ ቨርጂኒያ ሆኜ ዜናውን በኩራት ለሥራ ባልደረቦቼ አሳይቼ ነበርና፣ ሳላያት ብመለስ ያሳፍረኛል።

ያስያዝኩት በአንድ አስጎብኚ ድርጅት በኩል ነው። 110 ዶላር ቀድሜ ላኩ። መግቢያ፣ ፈረስ፣ ጀልባ፣ ምሳ፣ ሁሉም ተካቷል ተባልኩ። ሹፌሩ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይመጣል የተባለው 2፡20 ደረሰ። አራቴ ደውዬ አራቴም "መንገድ ላይ ነኝ" አለኝ። እዚህ አገር መንገድ ላይ ነኝ ያለ ሰው ገና ጫማውን እያሰረ እንደሆነ ረስቼው ኖሯል።

በወሊሶ በኩል ወጣን። ከአፋፉ ቁልቁል ሳይ ንዴቴ ሁሉ ጠፋ። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ድሮ እሳተ ገሞራ የተፋው ጎድጓዳ ዛሬ ሐይቅ ተኝቶበታል። ገደሉ ላይ ገብስና እንሰት፣ ከታች ፍል ውሃ። ጀልባው ውሃ ያስገባል፤ ቀዛፊው በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን እየቀዳ ወደ ደሴቷ፣ ወደ ቂርቆስ ገዳም አደረሰኝ።

መከራው የመጣው ልመለስ ስል ነው። ፈረሱን የሚስበው ልጅ "እማማ፣ የተከፈለው መውረጃው ብቻ ነው" አለኝ። (ሃምሳ አልሞላኝም፣ ይሁን።) ድርጅቱ ጋ ስደውል ኔትወርክ የለም። ሹፌሩ ላይ አፋፍ መኪናው ውስጥ ተኝቷል። ዳገቱን በእግሬ ሞከርኩት፤ አየሩ ሳስቶ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ተመልሼ ከፈልኩ። ልጁ ብሩን ሁለቴ ቆጠረ። መንገድ ላይ ድርጅቱ ለፈረሱ ስንት እንደሰጠው ጠየቅኩት። አማርኛው ቁርጥራጭ ነው፣ የእኔ ኦሮምኛ ደግሞ ከ"አካም" አያልፍም፤ በጣት ተግባባን። እኔ ከላኩት አሥር ዶላር እንኳ አልደረሰውም! እርካቡን የጠገነው በፕላስቲክ ገመድ ነው።

እኛ ቨርጂኒያ፣ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ በር ላይ አንዴ ትከፍያለሽ፣ ከዚያ ወዲያ ድብ ካልሆነ የሚያስቆምሽ የለም። አዲስ አበባ ስገባ ለድርጅቱ ጻፍኩ። "በስምምነቱ መሠረት ፈረስ የተካተተው ለመውረድ ነው" የሚል መልስ፣ መጨረሻው ላይ የአበባ ምልክት። ታዲያ መውረጃ ብቻ የሚገዛ ሰው ሐይቁ ዳር ሊያድር ነው እንዴ?

ስለዚህ የምትሄዱ፣ መኪና ብቻ ተከራዩ። ፈረሱንና ጀልባውን እዚያው፣ ደርሶ መልስ ብላችሁ ከባለቤቶቹ ጋር ተዋዋሉ። ዝርዝር ብርና ጃኬት ያዙ። ሴቶች፣ ለቂርቆስ ነጠላ አትርሱ፤ እኔ የተዋስኩት ከቀዛፊው እናት ነው።