ጎንደር ላይ የቆየ መጽሐፍ በቆዳ ልታስጠርዙ ነው? ሳታስረክቡ ይህን አንብቡ

ፒያሳም ሆነ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጠርዙ ቤቶች አሉ። ለዚያ ሥራ ይበቃሉ። ከአያት የወረሳችሁትን የብራና ዳዊት ወይም ከብርሃንና ሰላም የወጣ የድሮ መጽሐፍ ስትወስዱ ግን «በንጹሕ ባሕር አረብ (በቀይ የለፋ ቆዳ)፣ በሁለት ቀን» ከተባላችሁ መጽሐፋችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ገበታ (የእንጨት ክዳኑ) ተበስቶ፣ ጥራዝ (አብረው የታጠፉት ቅጠሎች) ተሰፍቶ፣ ቆዳ ተፍቆና ደርቆ፣ ከዚያ ተደጉሶ፣ ማለትም ቆዳው ላይ በብረት ጌጥ ታትሞበት፣ በሁለት ቀን አያልቅም።

በሁለት ቀን የሚሠራው ሌላ ነው። መጀመሪያ «ለማስተካከል» ተብሎ ጠርዙ በማሽን ይቆረጣል፤ ኅዳግ ላይ የነበረው የባለቤት ስምና ማስታወሻ አብሮ ይሄዳል። ቀጥሎ የጥራዞቹ እጥፋት ተቆርጦ ቅጠሉ ሁሉ ነጠላ ይሆናል። ከዚያ በጎን በድሪል ተበስቶ ይሰፋና ጀርባው ላይ ነጭ ኮላ ይፈሳል። እንዲህ የተጠረዘ መጽሐፍ ተዘርግቶ አይከፈትም፤ በጉልበት ሲከፈት ወረቀቱ በስፌቱ መስመር ይሰበራል። ኮላው አንዴ ከደረቀ በውሃ ስለማይለቅ ቀጣዩ ጠራዥ የግድ ይቆርጠዋል። የስንዴ ስታርች ሙጫ ግን ሲረጥብ ይለቃል፤ እሱን ጠይቁ።

ብራና ላይ ጉዳቱ ይብሳል። እርጥብ ሙጫ ያጨማድደዋል። ያንን ለማቃናት ካውያ ከተደረገበት ይኮማተራል፣ አይመለስም። በአገራችን አሠራር የዋንዛውን ገበታ ከጥራዙ ጋር የሚይዘው በቀዳዳዎቹ የሚያልፈው ክር ወይም ጅማት ነው፣ ሙጫ አይደለም። «ገበታውን እናጣብቃለን» የሚል ጠራዥ ሥራውን አያውቀውም።

ቆዳውን ከቁራጩ ፈትኑ። የእውነተኛ ቆዳ ውስጡ ጭረት ጭረት ያለው ለስላሳ ፀጉር ይመስላል፤ የፕላስቲኩ ጀርባ ሽምን ጨርቅ ነው። ጫፉን ስታቃጥሉት ቆዳ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ፕላስቲክ ይቀልጣል። እውነተኛ ቢሆንም የተቆረጠው ጎኑ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ከመሰለ በክሮም (በኬሚካል) የለፋ ነው፤ የድጉስ ብረት ምልክት አይዝም። በእፅዋት የለፋው ጎኑ ቡናማ ነው፣ በጥፍር ስትጫኑት ምልክት ይቀራል። ቀዩን ቆዳ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ እሹት፣ ቀለም ከለቀቀ ክረምት ላይ ገጹን ያቀላዋል። ወደ ውስጥ የሚታጠፈው ጠርዝ እስከ ግማሽ ሚሊ ሜትር ድረስ መፋቅ አለበት፤ ያለዚያ ክዳኑ አይገጥምም።

አሮጌው ገበታና ድጉስ ለብቻው ገዢ ስላለው «ጣልነው» የሚል መልስ አትቀበሉ፤ እንደሚመለስ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ብራና ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስ ጥገና አስቀድሞ ፈቃድ ይፈልጋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ጠይቁ።

ከማስረከባችሁ በፊት ጥራዙንና ቅጠሉን አብራችሁ ቁጠሩ፣ የእያንዳንዱን ኅዳግ ፎቶ አንሱ። «ጠርዝ አይቆረጥም፣ በጎን አይበሳም፣ ኮላ አይገባም» የሚለውን አስፈርሙ። ከሚለብሰው ቆዳ ሦስት ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ተቀብላችሁ ከደረሰኙ ጋር አስቀምጡ። ግማሹን ክፍያ ያዙ። ስትረከቡ መጽሐፉን መሃል አካባቢ ባለ የአንድ ጥራዝ እጥፋት ላይ ክፈቱት፤ እጃችሁን ሳትጭኑበት ተዘርግቶ ካልተኛና ክሩ በእጥፋቱ መሃል ካልታየ ቀሪውን አትክፈሉ።