ውርጬ፣ ጋቢውና ኢንክስኬፕ፦ ከ9 ወር በኋላ

ኢንክስኬፕን የጫንኩት ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ነው። ደሴ በዚያ ወር እንዴት እንደምትበርድ የኖረባት ያውቀዋል። ጠዋት ጣት አልታዘዝ ይላል። ማውዙ ራሱ ከፍሪጅ የወጣ ይመስላል። ላፕቶፔ ያገለገለ ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ ብቻ። የሥዕል ታብሌት የሚባል ነገር የለኝም። አሁን መስከረም ገብቷል፣ ዕቃውም ያው ነው። የምጽፈው ሁሉ ይህን ይዞ ይነበብልኝ። ደህና ኮምፒውተር ያለው ሰው ግማሹ ቅሬታዬ ላይገባው ይችላል።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ ኢንክስኬፕ የቬክተር ሥዕል መሥሪያ ነው። ሥዕሉ በነጠብጣብ ሳይሆን በመስመርና በኩርባ ስሌት ይቀመጣል። ስለዚህ ለስቲከር የሳልከውን ለባነር ብትለጥጠው አይደበዝዝም። በፈረንጆቹ 2003 ሶዲፖዲ ከሚባል ፕሮግራም ተገንጥሎ ወጣ። 1.0 የሚል ቁጥር ለማግኘት ግን እስከ 2020 ቆየ። እኔ ጋ ያለው በ2024 የወጣው 1.4 ነው። በሊኑክስም በዊንዶውስም በማክም ይሠራል፣ ክፍያም የለውም።

ክፍያ የለውም ስል ክራክ፣ ማለትም ፈቃዱ ተሰብሮ በነፃ የሚዞር ፕሮግራም ነው ማለቴ አይደለም። ብዙዎቻችን ዲዛይን የለመድነው በክራክ ነው፣ መደባበቅ ምን ያደርጋል። አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሌላ ቀን ፈቃድህ አልቋል ይላል። ከሰው ፍላሽ የገለበጥከው ደግሞ ቫይረሱን በነፃ ይመርቅልሃል። እኔ ከዚያ ጣጣ ለመውጣት ብዬ ነው የገባሁበት እንጂ ስለ ክፍት ምንጭ ፍልስፍና አስቤ አይደለም።

የመጀመሪያው ሥራ የመጣው ከአንድ መዋዕለ ሕፃናት ነው። የወቅቶች ፖስተር። መምህርቷ አንድ የእንግሊዝኛ የልጆች መጽሐፍ ይዘው መጡ። ገጹ ላይ ካሮት አፍንጫ ያለው የበረዶ ሰውዬ ሻርፕ አድርጎ ቆሟል።

«ይህን ሳልልኝና ከሥሩ ክረምት ብለህ ጻፍ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ክረምት እኮ ዝናብ ነው።»

«መጽሐፉ ዊንተር ነው የሚለው። ዊንተር ምንድነው ታዲያ?»

መልስ አጣሁ። ቤት ገብቼ ቀን ስቆጥር ነው የገባኝ። የፈረንጆቹ ዊንተር በኛ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ነው። የኛ በጋ ደግሞ ታኅሣሥ 26 ገብቶ መጋቢት 25 ይወጣል። ክረምታችን ሰኔ 26 ነው የሚገባው። በወሩ ከሄድን እንግዲህ ፖስተሩ ላይ የበረዶ ሰውዬው ቆሞ ከሥሩ «በጋ» ሊባል ነው።

ለማንኛውም ትእዛዝ ነውና ሳልኩት። ኢንክስኬፕ ላይ የበረዶ ሰውዬ መሳል የጀማሪ ሥራ ነው። የክብ መሣሪያውን ትይዛለህ፣ ኮንትሮልን ተጭነህ ትጎትታለህ፣ ድብልብል ያለ ክብ ይወጣል። ኮንትሮልና ዲ ስትጫን ይባዛል። ሁለተኛውን ታሳንሳለህ፣ ሦስተኛውን የበለጠ ታሳንሳለህ፣ ትደራርባለህ። 20 ደቂቃ አልፈጀብኝም። የእህቴን ልጅ ጠርቼ አሳየኋት። 5 ዓመቷ ነው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ሊጥ።»

«ካሮቱስ?»

«ሊጥ ውስጥ ካሮት አይገባም።»

እውነቷን ነው። የደሴ ልጅ በረዶ ሲባል የሚያውቀው ቆርቆሮ ላይ የሚንጓጓውን ነው። ብርድን የሚያውቀው ደግሞ ጠዋት ትምህርት ቤት ሲሄድ ከአፉ በሚወጣው ጭስ፣ ጋቢ ተከናንቦ ደጃፍ ላይ ፀሐይ በሚሞቅ አያት፣ ከከተማው ወጣ ሲባል ሣሩን በሚያነጣው አመዳይ ነው። ሊጡን ሰረዝኩት። በምትኩ ጋቢ እስከ አገጩ የተከናነበ፣ አፍንጫው የቀላ፣ የሱፍ ኮፍያው ጫፍ ከጋቢው በላይ ብቅ ያለ ልጅ ሳልኩ። ከኋላው የጦሳ ተራራ ከነጉሙ። ስሙን ውርጬ አልኩት። መምህርቷ አዩና «ይሄማ የኛ ሰፈር ልጅ ነው» ብለው ሳቁ። ከሥሩ «በጋ» ብለን ጻፍን።

አሁን ወደ ዕቃው ልግባ። ውርጬ ላይ ያየሁት የጋቢውን ፍዳ ነው። ሁለት ሳምንት በላ። መጀመሪያ በፔንስሉ መሣሪያ ሳልኩት። በማውዝ በፔንስል የተሳለ መስመር እየተንቀጠቀጠ ነው የሚወጣው። ፕሮግራሙም እያንዳንዷን ንቅጥቅጥ ኖድ፣ ማለትም መስመሩን የሚይዝ ነጥብ አድርጎ ይመዘግባታል። ብቆጥር ለአንድ ጎን ብቻ ከ60 በላይ ኖድ። ጋቢው ጨርቅነቱ ቀረና የተጨማደደ ፌስታል ሆነ። መስመር ማቅለያ ትእዛዝ አለው፣ ኮንትሮልና ኤል። እሱን ስጫነው ኖዱ ቀነሰ፣ ግን የጋቢው ቅርጽም አብሮ ሄደ።

ከዚያ ነጥብ በነጥብ እየተከልክ ኩርባ በምትስልበት በቤዚዬው እስክሪብቶ ከዜሮ ጀመርኩ። አሁን ያለው የጋቢው ዙሪያ 9 ኖድ ብቻ ነው። ጭንቅላቱን የሚዞርበት ኖድ ለስላሳ ነው፣ ሺፍትና ኤስ። አገጩ ሥር የሚታጠፍበት ሹል ነው፣ ሺፍትና ሲ። እነዚህን ሁለት ቁልፎች ከማወቄ በፊትና በኋላ ያለሁት እኔ አንድ ሰው አይደለሁም። የእጥፋቶቹን መስመር ደግሞ ፓወር ስትሮክ በሚባለው ኢፌክት ነው የሠራሁት። አንዱን ጫፍ አወፍሮ ሌላውን እንደ አይጥ ጭራ ያቀጥነዋል። መስመሩ አንገቱ ጋ ወፍሮ ተነስቶ ክርኑ ጋ ሲደርስ ሲጠፋ፣ ያኔ ነው ጋቢው የከበደው። ከዚያ በፊት አንሶላ ነበር።

አመዳዩ ግን ቀላል ነበር። የበረዶ ቅንጣት ስድስት ክንድ ነው ያለው። አንዷን ክንድ እንደ ትንሽ ቅርንጫፍ ትስላለህ፣ ከዚያ አዙሮ የሚያባዛውን ኢፌክት ሰጥተህ ቁጥሩን 6 ታደርጋለህ። አንዷን ክንድ ስትነካ አምስቱም አብረው ይለወጣሉ። ይህን ያየሁ ቀን ያለ ሥራ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ቅንጣት ስቀይር አመሸሁ። እንደ ጨዋታ ነው።

የዚህ ፕሮግራም ዋና ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ሲስሉበት ብዙ አያስደንቅም፣ እንዲያውም በማውዝ ሲሆን ያደክማል። የሚያስደስተው ሲያርሙበት ነው። ደንበኛ ደግሞ አርም ሳይል አያድርም። የውርጬ ሁለት ዓይኖች ለምሳሌ አንዱ የሌላው ክሎን ነው። መምህርቷ «ገና ከእንቅልፉ የተነሳ ይምሰል» ሲሉ የአንዱን ዓይን ቆብ ዝቅ አደረግሁ፣ ሁለተኛው ራሱ ተከተለ። «አፍንጫው በጣም ቀላ፣ የታመመ መሰለ» ሲሉ ውርጬ በ7 አቋቋም ተስሎ ነበር። ተመሳሳይ ቀለም ያላቸውን ምረጥ የሚል ትእዛዝ አለ። አንዱን አፍንጫ ነክቼ ሰባቱንም መረጥኩና ባንዴ አቀለልኩት። ደሴ ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብዬ፣ ማኪያቶው ሳይበርድ። የ1.3 እትም ያመጣው የቅርጽ መገንቢያ መሣሪያም እዚሁ ይመደባል። የተደራረቡ ቅርጾችን በማውዝ እያካለልክ ታዋህዳለህ ወይ ትቆርጣለህ። የኮፍያውን ግርፍ የሠራሁት በሱ ነው።

አማርኛ ጽሑፍ ላይ ቅሬታ የለኝም። ፊደሉ እንዳለ ይገባል፣ አይሰባበርም። ከፊደል ዓይነቶች (ፎንት) አቢሲኒካን እወደዋለሁ ግን አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ለርዕስ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይሻላል፣ ከቀጭን እስከ ጥቁር ድረስ አለው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይሩት። እኔ ሳልቀይር ሄጄ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ ሁሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ጠበቀኝ። ያልተቀየረውን ኮፒም ቤት አስቀሩ። አንዴ ቅርጽ ከሆነ በኋላ የፊደል ግድፈት ካገኛችሁ በኪቦርድ አይታረምም።

አሁን ወደ ማተሚያው ከመጣን አይቀር፣ የተቃጠልኩት እዚያ ነው። ስክሪኔ ላይ የውርጬ ሰማይ የማለዳ ሰማያዊ ነው፣ ንጹሕ፣ ብርድ ብርድ የሚል። ፖስተሩ ሲወጣ እንደ ታጠበ ጂንስ ሆነ።

«ምንድነው ይሄ?» አልኩት የማተሚያ ቤቱን ልጅ።

«ቀለምህ ነዋ።»

«የኔ ቀለም ይሄ አይደለም።»

«አብሽር፣ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ያምራል።»

አላማረም። ጥፋቱ ግን የማተሚያ ቤቱ ብቻ አይደለም። ኢንክስኬፕ የሚያስበው በስክሪን ቀለም ነው፣ በአርጂቢ። ማተሚያ የሚያወጣው በአራት ቀለም ነው፣ በሲኤምዋይኬ። ስክሪን ላይ የሚያበራ ሰማያዊ በቀለም ዱቄትና በወረቀት የማይገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። እኔ ባለኝ እትም ለማተሚያ የተለየ የሲኤምዋይኬ ፋይል በቀጥታ አይወጣም። ዋና ሥራው ኅትመት ለሆነ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ሳይሸፋፈን መነገር አለበት። አሁን የማደርገው ሥዕሉን ስክራይበስ ወደሚባለው ሌላ ነፃ ፕሮግራም ወስጄ ከዚያ ፒዲኤፍ ማውጣት ነው። ይሠራል፣ ግን አንድ ሥራ ሁለት ቤት ይሆናል። ሰማዩንም ከመጀመሪያው ደብዘዝ አድርጌ መሳል ለምጃለሁ።

ሁለተኛው ቅሬታ ጉሙ ነው። የጦሳን ጉም የሠራሁት በማደብዘዣው ነው፣ ነጭ ቅርጽ ስሎ ብለሩን መጨመር። ያምራል። ግን ሦስት ድርብ ጉም ስጨምር ላፕቶፑ ማቃሰት ጀመረ። ሥዕሉን ትንሽ አቅርቤ ባየሁ ቁጥር እንደገና ያሰላዋል። ቡና አፍልቼ የተመለስኩበት ጊዜ አለ፣ ማጋነን አይደለም። መፍትሔው የማሳያ ሁኔታውን ያለ ፊልተር ማድረግ ነው። ጉሙ ከእይታ ይጠፋል፣ ሥራው ይፈጥናል፣ ሲያልቅ ትመልሰዋለህ። ስክራይበስ ደግሞ ብለሩን እንዳለ አይቀበለውም። ለኅትመት የሚሄደው ውርጬ ጉሙ ድርቅ ያለ፣ ጠርዝ ያለው ነው። አሁን አሁን እሱን ወድጄዋለሁ፣ የልጅ መጽሐፍ ይመስላል።

መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? የኔ ላፕቶፕ ባትሪ ስም ብቻ ነው፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ሁለት ጊዜ ሥራ አጥቻለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ራሱ በየጊዜው የሚያስቀምጥበት ቅንብር አለው፣ ምርጫዎች ውስጥ ገብታችሁ ደቂቃውን አሳንሱት። የኔን በየ3 ደቂቃው አድርጌዋለሁ። ከዚያ ወዲህ አልተቆጨሁም።

በነዚህ ወራት ውርጬ ፖስተር ሆነ፣ የደብተር ስቲከር ሆነ፣ ሰኔ ላይ የምረቃ ባነር ላይ ከጋቢው በላይ ጋውን ለበሰ። ሐምሌ ላይ ዣንጥላ ያዘና እውነተኛውን የኛን ክረምት ጀመረ። አንድ ፋይል ነው ያን ሁሉ ያወጣው። ክራክ ወደ ማሳደድ አልመለስም። ለጓደኛዬ ልምከር ብል፣ ሎጎና የልጆች ሥዕል ከሆነ ሥራህ ዛሬውኑ ጫነው እለዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ብሮሹር የሚያሳትም ከሆነ ግን የቀለሙን ነገር አስብበት እለዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት መምህርቷ ደወሉ። ኮምቦልቻም ቅርንጫፍ ከፍተዋል፣ ውርጬን እዚያም ይፈልጉታል።

«ግን እዚህ በዚህ ሙቀት ማን ጋቢ ይለብሳል? አውልቅለት» አሉኝ።

«ቀላል ነው እትዬ፣ ሌየሩን ማጥፋት ነው» አልኩ በኩራት። ሌየር የሚባለው ሥዕሉ ለየብቻ የሚቀመጥበት ድርብ ነው።

ፋይሉን ከፈትኩ፣ የጋቢውን ሌየር አጠፋሁ። ጭንቅላትና ሁለት ጫማ ቀሩ። ለካ ከጋቢው ሥር ምንም አልሳልኩም። አካል የለውም ልጁ። እስከ ዓርብ ድረስ ብዬአቸዋለሁ፣ ይኸው ትከሻ እየሳልኩለት ነው።