ሳትፈትሽ የማትፈርድ ባለሙያ

አንድ ማለዳ የኮምፒውተሬን ማብሪያ ብጫነው ፋኑ ግማሽ ዙር ዞሮ ቀጥ አለ። ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው። በውስጡ የሁለት ዓመት የትርጉም ሥራዬ ነበር፤ ሌላ ቦታ ቅጂ ያስቀመጥኩት የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ብቻ ነው። መጀመሪያ የወሰድኩበት ቦታ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍቱ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፤ ሃርድ ዲስኩም አብሮ ሄዷል፤ አዲስ ይግዙ» አሉኝ። ማዘርቦርድ የኮምፒውተሩ ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ ነው፤ ሃርድ ዲስክ ደግሞ ጽሑፉ የሚቀመጥበት። ኮምፒውተሬን ታቅፌ ስወጣ እንባዬ ተናንቆኝ ነበር።

በማግስቱ አንድ ወዳጄ ወደ ጠቆመኝ ባለሙያ ሄድኩ። ወጣት ናት። የሆነውን ሁሉ በትዕግሥት ከሰማች በኋላ «ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳስብዎ ምኑ ነው?» አለችኝ። «ጽሑፌ» አልኳት። ሃርድ ዲስኩን ፈትታ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኘችው። ምዕራፎቼ አንድ በአንድ በስክሪኑ ላይ ሲደረደሩ የተሰማኝን እፎይታ አልረሳውም። ሁሉንም ገልብጣ በእጄ ከሰጠችኝ በኋላ «አሁን ተረጋግተን እንሠራለን» አለች። ማዘርቦርድ ሞተ ማለት ዲስክ ሞተ ማለት እንዳልሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ማዘርቦርዱን ከሳጥኑ አውጥታ ደረቅ ካርቶን ላይ አስተኛችው። ስሌቱን ከሚሠራው ፕሮሰሰር ከነማቀዝቀዣው፣ ከአንድ ራም (የጊዜያዊ ማስታወሻ ካርድ) እና ኤሌክትሪክ ከሚያድለው ፓወር ሰፕላይ በቀር የተሰካውን ሁሉ ነቀለች። ችግሩ የማብሪያ ቁልፉ እንዳይሆን በካቻቪቴ ጫፍ ሁለቱን የማብሪያ ፒኖች (ቀጫጭን የብረት እግሮች) አነካካቻቸው። እንደገና ግማሽ ዙር። የኤሌክትሪክ መለኪያዋን፣ መልቲሜትሯን አንስታ ስትለካ 12 ቮልት መስጠት የሚገባው የፓወር ሰፕላዩ መስመር 10.7 አሳየ፤ ከ11.4 መውረድ አልነበረበትም። ሌላ ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ ሰካችበት፤ ማዘርቦርዱ አሁንም አልነሳም አለ። መብራት አስጠግታ አሳየችኝ፦ በፕሮሰሰሩ አጠገብ ከተደረደሩት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትናንሽ ክፍሎች) የአራቱ አናት አብጧል፤ ከአንዱ ሥር ቡናማ ፈሳሽ ወጥቶ ደርቋል።

«ሁለቱም ታመዋል» አለችኝ። «ማዘርቦርዱን ብቻ ብቀይርልዎ አሮጌው ፓወር ሰፕላይ የተተካውንም ሊጎዳብዎ ይችላል።» ካፓሲተሮቹን ነቅሎ በአዲስ መበየድ የሚቻል ሥራ እንደሆነም አልደበቀችኝም። ነገር ግን ፈሳሹ ከሥሩ ያለውን የመዳብ መስመር በልቶት ስለነበር እንዲህ ያለውን ጥገና ለዋስትና እንደማትደፍር በግልጽ ነገረችኝ። እኔ ለዚህች ባለሙያ ያለኝ አክብሮት የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ፕሮሰሰሬ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ2012 ሥሪት ነው፤ በማዘርቦርዱ ላይ የሚቀመጥበት ሶኬትም 1155 የሚባለው። የዘመኑን ማዘርቦርድ ብንመርጥ ፕሮሰሰሩም ራሙም አብረው መቀየር ነበረባቸው። የእኔን ዓይነት ዲዲአር 3 ራም እና ከእሱ በኋላ የመጣውን ዲዲአር 4 ጎን ለጎን አስቀምጣ አንዱ 240፣ ሌላው 288 እግር እንዳለው፣ የመሀላቸው ክፍተትም እንደማይገጥም አስረዳችኝ። ከዚያም «ሥራዎ ጽሑፍ ከሆነ ያለዎት ይበቃዎታል» ብላ ለዚሁ ሶኬት የሚሆን ያገለገለ ማዘርቦርድ ፈልጋ አገኘችልኝ። ሳትገጥመው በፊት አንድም ፒን አለመጣመሙን በማጉያ መነጽር እኔው ራሴ እንዳይ አደረገችኝ። ፓወር ሰፕላዩን ግን በአዲስ ተካችው።

የደረቀውን የፕሮሰሰሩን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ጠርጋ አዲስ ቀባች፤ የኮምፒውተሩን ሰዓት የሚያስኬደውን ባትሪም ቀየረች። ዊንዶውስ ፈቃዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ በመሆኑ እንደገና ማረጋገጫ ሊጠይቀኝ እንደሚችል አስቀድማ አስጠነቀቀችኝ፤ እውነትም ጠየቀኝ፤ አልደነገጥኩም። ሌሊቱን ሙሉ ራሙን ስትፈትሽ አድራ በማግስቱ አስረከበችኝ። የወለቁትን አሮጌ ዕቃዎች ሳይቀር በከረጢት አድርጋ መልሳልኛለች።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ትርጉሙን ዛሬ ካቆምኩበት ቀጥያለሁ።

ስሟ በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለገች አልጠቀስኩትም፤ አድራሻዋን ለሚፈልግ ግን አስፈቅጃት በግል እልካለሁ። ወደ እርሷ የምትሄዱ ሁሉ የኮምፒውተራችሁን ሞዴልና ሲበላሽ ያያችሁትን ምልክት ጽፋችሁ ያዙ፤ ፋኑ ዞሮ እንደሆነ፣ ድምፅ አሰምቶ እንደሆነ አጥብቃ ትጠይቃለች።