በጎን ወይስ በጀርባ? ሆድ ሲገፋ እንዴት ይተኛል?

ሆድሽ ገና ሳይገፋ እንደተመቸሽ ተኚ። ጥንቃቄው የሚመጣው ከ28ኛው የእርግዝና ሳምንት በኋላ ነው።

በጀርባ መተኛት ለለመደችው ይመቻል፤ ይገባኛል። ግን ማህፀኑ ሲከብድ ከእግርና ከዳሌ ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል። ያኔ ራስ ያዞራል፣ ያልባል፤ ለልጁ የሚደርሰው ደምም ይቀንሳል። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት በጀርባ መተኛት ፅንሱ ሆድ ውስጥ ከመሞት አደጋ ጋር እንደሚያያዝ ጥናቶች አሳይተዋል።

በጎን ሲሆን ይህ ጫና ይቀላል። «ግራ ብቻ» ሲባል ሰምተሽ ይሆናል፤ ቀኙም ችግር የለውም። አንዱ ሲደነዝዝ ወደ ሌላው ገልበጥ በይ። የጎን ክፋቱ ዳሌና ወገብ ማሳመሙ ነው። ለዚህ ውድ ትራስ አያስፈልግም። ጋቢ ጠቅለል አድርገሽ ጉልበቶችሽ መሃል አስገቢ፤ ነጠላ አጥፈሽ ከሆድሽ ሥር፣ ትራስ ደግሞ ከጀርባሽ። ቃር ካስቸገረሽ ራስጌውን ከፍ አድርጊው።

እኔ ያለማመንታት ጎንን እመርጣለሁ። ሌሊት ስትባንኚ በጀርባሽ ተንጋለሽ ከሆነ አትደንግጪ፤ ዞር ብለሽ ተኚ። የልጁ እንቅስቃሴ የቀነሰ ከመሰለሽ ግን እስኪነጋ አትጠብቂ፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ሂጂ።