ተገጣጣሚው ባለ 10 ፍሬም ቀፎ፦ ከወራት በኋላ

ይህ ቀፎ የመጣው በተቆራረጠ ጣውላ መልክ ነው። ገጣጥሜ አዲስ የንብ መንጋ ካስገባሁበት ወራት አልፈዋል። ሣጥኑ ደህና ነው። ገንዘቤን የመለሰችልኝ ግን አብራው የመጣችው ስስ መከፋፈያ ጣውላ ናት።

አዲስ መንጋ ቁጥሩ ትንሽ ነው። እጭ (ገና ንብ ያልሆነው ግልገል) ደግሞ 34 ወይም 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይፈልጋል። ገና ያልጠነከሩ ንቦች ሰፊ ባዶ ቤት ሲሰጣቸው ጉልበታቸው በማሞቅ ያልቃል። ስለዚህ 4 ፍሬም (ንቦች ሰፈፍ የሚሠሩበት የእንጨት ክፈፍ) ላይ ሰብስቤ በጣውላዋ አጠርኳቸው። የዳሩን ፍሬም ንብ ሲሞላው ጣውላዋን ገፋ፣ አንድ ፍሬም ጨመር። በቃ።

መጀመሪያ ላይ ንቦቹ ሲመናመኑ እንዳትደነግጡ። እንቁላል ሠራተኛ ንብ ሆኖ እስኪወጣ 21 ቀን ይፈጃል። እስከዚያ ያረጁት ይሞታሉ፣ ተተኪ የለም። አበባ ከሌለ ስኳርና ውሃ እኩል በጥብጦ መስጠት የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ሲመሽ፣ ከቀፎው ውስጥ። በቀን ከተንጠባጠበ የሌላ ቀፎ ንብ ለዝርፊያ ይመጣል። የመግቢያ ማጥበቢያዋን እንጨትም አትናቋት፤ በሩ ከጠበበ ጥቂት ዘበኞች ይበቁታል።

ወደ አሠራሩ ስንመጣ፣ የዚህ ዓይነት ቀፎ ምስጢሩ ክፍተት ነው። አሜሪካዊው ንብ አናቢ ላንግስትሮዝ በ1852 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ቀፎ የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ክፍተቱ ከ6 እስከ 9 ሚሊሜትር ገደማ ከሆነ ንቦች መተላለፊያ ያደርጉታል። ሲጠብ በሙጫቸው ይደፍኑታል፤ ሲሰፋ ሰፈፍ ይሠሩበታል። የዚህ ቀፎ ግድግዳና ፍሬም ልካቸውን ጠብቀዋል፣ ፍሬም ሳወጣ አልታገለኝም። ከክዳኑ ሥር ግን ሰፋ ብሏል። ቀፎውን በከፈትኩ ቁጥር እዚያ የሠሩትን ሰፈፍ መፋቅ ግድ ነው።

ሌላው ቅሬታዬ ምስማሩ ነው። ማዕዘኖቹ እየላሉ ሲያስቸግሩ በእንጨት ማጣበቂያና በብሎን አጠበቅኳቸው። ወለሉም ከዝናብ በኋላ ትንሽ ተጣሟል። መመሪያው ደግሞ ጭራሽ ውስጡንም ቀለም ቀቡ ይላል! አትስሙት፤ ቀለም ለውጭው ብቻ ነው። እግር ስለሌለው ማቆሚያ ሠርቼ፣ ጉንዳን እንዳይወጣ እግሮቹን ዘይት ያለበት ጣሳ ውስጥ አቆምኩ።

የማር ክፍሉን የደረብኩት 8 ፍሬም በንብ ከተሸፈነ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት መደረብ ያንኑ ባዶ ቤት መመለስ ነው።

ሌላ ልግዛ? ሚሊሜትር የሚጠብቅ አናጢ ካገኘሁ ሣጥኑን እሱ ይሥራልኝ፤ ክዳኑን ዝቅ፣ ወለሉን ወፈር አድርጎ። ካላገኘሁ ይህንኑ እደግማለሁ።