ፒያሳ ያሉት ራፖር ጸሐፊ፦ ባንክ ለመክሰስ ላሰበ ሰው

ከባንክ ጋር የተጣላ የጎንደር ሰው ጠበቃ ከመያዙ በፊት ፒያሳ ከፎቅ ሥር ወዳለችው፣ ክስና ማመልከቻ የሚጽፉ የአንድ ራፖር ጸሐፊ ጠባብ ጽሑፍ ቤት ጎራ ቢል አይከፋም። እኔ ቅዳሜ ገበያ በርበሬና ቅመም ነው የምሸጠው። ባንኬ ላልጠየቅሁት የአጭር መልእክት አገልግሎት በየወሩ ከሂሳቤ ሲቆርጥ ኖሯል፤ መልእክቱ ግን አንድም ቀን ስልኬ ላይ ገብቶ አያውቅም። ለሥራ አስኪያጁ ሳመለክት «የሚቆርጠው ሲስተሙ ነው» አለኝ። ሲስተም መጥሪያ ይደርሰው ይመስል!

ራፖር ጸሐፊው ወሬዬን ሳልጨርስ፣ «እህቴ፣ ማህተም ያረፈበት የሂሳብ መግለጫ ሳላይ አልጽፍም» አሉኝ። ሳመጣላቸው ማስመሪያ አስደግፈው እያንዳንዷን ተቆራጭ በቀይ እስክሪብቶ አሰመሩባት። በአንድ ቀን ሁለቴ የተቆረጠች ክፍያም ያገኙት እሳቸው ናቸው።

ክሱ ሲጻፍ ግን ተጋጨን። እኔ «ዘረፋ» እንዲባልልኝ ፈለግሁ። «ዘረፋ ካልሽ ዘረፋውን አስረጂ ይሉሻል» ብለው ሰረዙት። በምትኩ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2164 ጠቀሱ፤ መክፈል የማይገባውን የከፈለ ሰው ይመለስልኝ ማለት ይችላል። ለሞራሌ ልጠይቅ ያሰብሁትን ካሳም አስወጡት፤ ለፍርድ ቤት የሚከፈለው የዳኝነት ክፍያ የሚሰላው በተጠየቀው ገንዘብ ልክ ነውና። በገጽ እያስከፈለ ጽሑፍ የሚያሳጥር ሰው እስካሁን ያየሁት እሳቸውን ብቻ ነው።

ባንኩ በመልሱ «ከሳሽ ተስማምተው ፈርመዋል» አለ። ጋሼ ወዲያው ፎርሙ እንዲቀርብ የሚል ማመልከቻ ጻፉ። ቀረበ፤ ከታች ፊርማዬ አለ፣ ከአጭር መልእክት አገልግሎቱ ጎን ያለው ሳጥን ግን ባዶ ነው። ገንዘቡ ከነዳኝነት ክፍያው እንዲመለስልኝ ተወሰነ። ሱቅ ዘግቼ የተመላለስሁበትን የከፈለኝ የለም፤ ይህንንም አስቀድመው ነግረውኛል።

ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል። ወረፋ የሚከበረው እሳቸው ቀና ብለው ሲያዩ ብቻ ነው። ዋጋቸው የትም አልተለጠፈም፤ ደረሰኝ ስጠይቅ ደግሞ «ነገ ነይ» ይሉኛል። ባንክን በወረቀት የረቱ ሰው ለእኔ የሚሆን ወረቀት አጡ!

ለማንኛውም የምትሄዱ ሰዎች መታወቂያችሁንና የሂሳብ መግለጫውን ከነኮፒው ይዛችሁ በጠዋት ሂዱ። ቅዳሜ የሚሠሩት እስከ ምሳ ሰዓት ነው፤ ክፍያውንም ከመጻፋቸው በፊት ተነጋገሩ።